እንኳን ባልሽ መጣልሽ

እትዬ ቻንቱን ያወቅኳት አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ዳር፣ ኦቤትስ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ፣ ተመላሽ ልብስ በሚታይበት ክፍል ነው። ሰው በኦንላይን ያዘዘው ቀሚስ ሲጠበው ወይም ቀለሙን ሲጠላው ይመልሰዋል። እኛ እንከፍተዋለን፣ እድፍና ሽታ እንዳለው እናያለን፣ አጥፈን በአዲስ ላስቲክ እናሽገዋለን። ስምንት ሰዓት ሙሉ ቆሞ ማጠፍ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ2019 እኔ ስቀጠር እሷ ከገባች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗት ነበር። አስተጣጠፉን ያስተማረችኝ እሷ ናት።

ካምቦዲያዊት ናት፤ ሕዝቧም ቋንቋዋም ክመር ይባላል። «እትዬ» የሚለውን የጨመርንላት እኛ ሐበሾቹ ነን። የልጇ እኩያ የሆኑት ሱፐርቫይዘሮች «ቻንቱ! ቻንቱ!» እያሉ ነበር የሚጠሯት። አንድ ቀን አይናለም የምትባል ባልደረባችን ሳታስበው «እትዬ ቻንቱ» ስትላት ዘወር ብላ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀች። ታላቅ ሴት በባዶ ስሟ አትጠራም አልናት። «እኛም አገር እንደዚያው ነው» አለችና ፊቷ በራ። ከዚያ ወዲህ በእኛ መስመር የሚሠራ ሁሉ፣ ኔፓሎቹ ሳይቀሩ፣ እትዬ ነው የሚላት።

የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ነው። የእሷም የእኔም እኩል የተሰባበረ ስለሆነ እንግባባለን። እዚህ በአማርኛ ስጽፈው ንግግሯ ከነበረው በላይ ለስልሶ ከተገኘ ጥፋቱ የእኔ ነው።

አጭር ናት፤ እጆቿ ግን ትልልቅ ናቸው። ስትራመድ ኮቴዋ አይሰማም። ከኋላዬ መጥታ ስትቆም ስንት ጊዜ አስደንግጣኛለች! «አንገትሽ ላይ ቃጭል እናስርልሽ» እያልን እንስቅባት ነበር። ልጅ ሳለች ቤታቸው በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆመ ነበር። እናቷ ከበሩ እስከ ምድጃው ታስሄዳታለች። ጣውላው ሲጥ ካለ መልሳ ከበሩ ታስጀምራታለች። የሴት ልጅ እግር ድምፅ ካሰማ የእናት አስተዳደግ ይታማል። በሰባት ዓመቷ የተማረችውን በሃምሳ ሰባት ዓመቷ፣ በመጋዘን ሲሚንቶ ላይ፣ በወፍራም የሥራ ጫማ ትራመደዋለች።

ሁለታችንም ዋይትሆል በሚባል ሰፈር አንድ የአፓርታማ ግቢ ውስጥ ስለምንኖር አንድ ሳምንት በእኔ መኪና፣ አንድ ሳምንት በእሷ እንመላለሳለን። በ2023 የካቲት ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ ባለችው አጭር ብሬክ ላይ ልጇ ማሊስ ኮል አደረገችላት። ማሊስ ኮሎምበስ ተወልዳ ያደገች፣ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ ባለትዳር ናት። እትዬ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ ሰማች። በመጨረሻ «ቻ» አለች። በክመር ሴት «አዎ» የምትለው እንደዚያ ነው፤ የወንድ «አዎ» ሌላ ነው። ከዚያ ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ እስከ መውጫ ሰዓት አጠፈች።

270 የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ስንደርስ «ባሌ መጣ» አለችኝ።

«ባል አለሽ እንዴ?» አልኳት። አራት ዓመት ሙሉ አብሬያት ስሄድ የሞተባት ነበር የመሰለኝ።

«አለኝ። ሞቶ ቢሆን ይሻል ነበር። ባል ለሞተባት ሴት ሰው ያዝንላታል።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ በመኪና ውስጥ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ሕይወቷን ነገረችኝ።

የተወለደችው ባታምባንግ በሚባል የሩዝ አገር ነው። አባቷ አስተማሪ ነበር፤ እናቷ ገበያ ላይ ዓሣ ትሸጥ ነበር። ካምቦዲያ ገበያው የሴት ነው አለችኝ። ሻጯም ገዢዋም ሴት ናት፤ የቤቱም ቦርሳ በሚስት እጅ ነው። ወንድ ሲያገባም ወደ ሚስቱ ወላጆች ቤት ይገባል። «ታዲያ እኮ ከእኛ ከወሎዎቹ ተሽላችኋል!» ስላት ከንፈሯን መጠጠች። «ሸክሙ የእኛ ነው፤ ወንበሩ ግን የእኛ አይደለም» አለች።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ያ ክፉ ዘመን መጣ፤ የተማረ ሰው የሚያሳድዱ ኮሚኒስት ታጣቂዎች አገሩን ያዙ። አባቷን መነጽር ያደርግ ስለነበር የተማረ ነው ብለው ወሰዱት። እናቷና ሁለት ወንድሞቿ በረሀብ አለቁ። ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ አልተለወጠም። ትኩር ብላ ከፊታችን የሚሄደውን ትልቅ የጭነት መኪና ታይ ነበር። የተረፈችው ከአክስቷ ጋር ነው። በእግር ድንበር ተሻግረው ታይላንድ ውስጥ ስደተኛ ጣቢያ ገቡ። እዚያ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት አክስቷ ለቪቦል ዳረቻት። በጣቢያው ወንድ የሌላት ኮረዳ በሰላም አታድርም ነበር። ቪቦል ሃያ አራት ዓመቱ ነበር፤ ፂሙን ይላጫል፣ አይጠጣም። አክስቷ ከዚያ በላይ አልጠየቀችም። ከሁለት ዓመት በኋላ ኮሎምበስ መጡ።

ማሊስን የወለደችው እዚሁ ነው። በአገራቸው አራስ በሙቀት ትጠበቃለች። ከአልጋዋ ሥር ፍም ይደረግላታል፤ ዝንጅብልና ቁንዶ በርበሬ ያለበት ሾርባ ትጠጣለች፤ ቀዝቃዛ ነገር ከነካች ዕድሜ ልኳን አጥንቷን ይወጋታል። ሆስፒታል ውስጥ የወለደች ዕለት ነርሷ ፈገግ ብላ በረዶ የሞላበት ውኃ ሰጠቻት። ሊገድሏት የፈለጉ መሰላት። ግን ሴት ልጅ እምቢ አትልምና እያለቀሰች ጠጣችው። «እኛም ጋ አራስ ብርድ ከመታት አይለቃትም» አልኳት። «ታዲያ ለምን እንደሚቆረጥመኝ ገባሽ» ብላ ጉልበቷን አሸች።

ቪቦል ፋብሪካ ገባ፤ እሷም ቤቷ ሆና የሰው ልብስ ትሰፋ ነበር። በክመር ሚስት ባሏን «ቦንግ» ትለዋለች፤ ታላቅዬ እንደ ማለት ነው። እሱ ደግሞ «ኦን» ይላታል፤ ታናሼ። ሃያ ዓመት ቦንግ ስትለው ኖረች። ከእሱ ቀድማ አልበላችም፣ ከእሱ ቀድማ አልተኛችም። በ2004 የእናቱን መቃብር ላስገንባ ብሎ ካምቦዲያ ሄደ። የሦስት ሳምንት ትኬት ነበር የቆረጠው። በዚያው ቀረ። በስድስተኛው ወር ነው ማሊስ በዕድሜ የምትቀርባት ልጅ ማግባቱን የሰማችው።

«ሽማግሌዎቹስ ምን አሉ?» አልኳት።

«እኔን ነው የጠየቁኝ። ምን አጎደልሽበት? አሉኝ።»

እነሱ ዘንድ ወንድ ወርቅ ነው፣ ሴት ነጭ ጨርቅ ናት የሚል አባባል አለ። ወርቅ ጭቃ ቢነካው ታጥቦ ያበራል፤ ጨርቅ ግን አንዴ ካደፈ አደፈ። ጭቃው ውስጥ የገባው እሱ ሆኖ ያደፈችው እሷ ሆነች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ባልቴትም ሳትሆን፣ ሚስትም ሳትሆን ኖረች። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የቡድሃ ቤተ መቅደሳቸው በየበዓሉ ወጥ ቤት ውስጥ የምታበስለው እሷ ናት። የማን ሠርግ ላይ ሩዝ ያልቀቀለች! ነገር ግን የምርቃቱ ክር በሙሽሮቹ እጅ ላይ ሲታሰር አትጠራም፤ ትዳሯ የፈረሰ ሴት ገደ ቢስ ናትና። በገዛ ልጇ በማሊስ ሠርግ እንኳ በእናትነት ቦታ የቆመችው የሩቅ ዘመድ ነበረች።

ቪቦል በዚያ የካቲት ኮሎምበስ የገባው ስትሮክ መትቶት ነው። ቀኝ ጎኑ አይታዘዝም፤ ንግግሩ ይጎተታል። ወጣቷ ሚስት አሜሪካ ሄዶ ይታከም ብላ አውሮፕላን ላይ አስቀምጣዋለች። የተቀበሉት ሰዎች ወስደው ቤተ መቅደሱ አዳራሽ ውስጥ ምንጣፍ ላይ አስተኙት። በሳምንቱ እሑድ ሽማግሌዎቹ እትዬ ቤት መጡ። ዋናው አቻር ሂም ነበሩ። አቻር ማለት መነኩሴ ያልሆነ፣ ግን ጸሎቱንና ሥርዓቱን የሚመራ ትልቅ ሰው ነው። አቻር ሂም ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ክፉ ሰው አይደሉም። ሚስታቸውን ይዘው ነው የመጡት።

እትዬ መጀመሪያ አበላቻቸው። ከበሉ በኋላ አቻሩ እንዲህ አሉ፤ «ያለፈው አልፏል። ሰው ሲወድቅ የሚገባው ወደ ሚስቱ ቤት ነው። ለሚመጣው ሕይወትሽም ጽድቅ ነው።»

ማሊስ እዚያው ነበረች። «ማም፣ ኖ» አለች፤ ከዚያም በእንግሊዝኛ «ምንም ዕዳ የለብሽም። አንቺ ካስገባሽው እኔ እዚህ ቤት አልመጣም» አለቻት።

እትዬ ሁለቱንም አየቻቸው። ያን ዕለት ከአንድ ሠርግ ተመልሳ ወገቧን ያማት እንደነበር ነገረችኝ። ልጇን ለመከተል መከራከር ያስፈልጋል፤ ሽማግሌውን ለመከተል ግን «ቻ» ማለት ብቻ ነው። «ቻ» አለች።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ስምንት ሳምንታት እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ታጥበዋለች፣ ታገላብጠዋለች፣ ሩዝ በሾርባ አላልታ በማንኪያ ታጎርሰዋለች። ስምንት ሰዓት አጥፋ ትመለስና እንደ ገና ከዚያው ትጀምራለች። እሷ ሥራ ስትሆን ጎረቤት የምትኖር ሴት እየገባች ታየዋለች። ሁለት ሰው የሚያነሳውን ሰውዬ ብቻዋን ስታነሳ ትከሻዋ ተጎዳ። መኪና ውስጥ ቀበቶዋን የማስርላት እኔ ሆንኩ። መጋዘን ውስጥ እየቆመች ማንቀላፋት ጀመረች። አንድ ቀን ቀሚስ እንደያዘች ዓይኗ ተከደነ፤ አይናለም በክንዷ ደገፈቻት።

«ምን ይልሻል?» ብዬ ጠየቅኳት አንድ ጠዋት። «ይቅርታ ጠይቆሻል?»

«ኦን፣ ሾርባው ጨው አነሰው ይለኛል።»

ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ ያቺ ሚስቱ በቪዲዮ ስትደውልለት እንደሚስቅ ነገረችኝ። ወንድ ልጅ አለው፤ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ልጁ አባቱን ሲያይ ያለቅሳል። ስልኩን የምትይዝለት እትዬ ናት፤ በአንድ እጁ ብዙ መያዝ አይችልማ። «ክንዴ ሲደክመኝ በሌላው እቀይራለሁ» አለች። እኔ ተናድጄ መሪውን በመዳፌ መታሁት። እሷ አልተናደደችም። ለመናደድም አቅም ያስፈልጋል።

በሚያዝያ የክመር አዲስ ዓመት ነው። ቤተ መቅደሱ ሄዳ እንደ ልማዷ ወጥ ቤት ስትገባ ሴቶቹ ተነሥተው አቀፏት። «እንኳን ባልሽ መጣልሽ» አሏት። «ቤትሽ ሞላ፣ ሙሉ ሰው ሆንሽ» አሏት። አንዷ፣ ሶክሊ የምትባለው፣ በሰኔ ልጇን ትድራለች። እጇን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደቻትና «የሙሽሮቹን አልጋ አንቺ አንጥፊልኝ» አለቻት።

የሙሽራ አልጋ የምታነጥፍ ሴት ትዳሯ የሰመረ፣ ባሏ ያልሞተ ያልፈታት መሆን አለባት። እኛ አገር እግሯ እርጥብ የሆነች እንደሚባለው ነው። በዚያ ማኅበረሰብ ውስጥ ለሴት ከዚህ የሚበልጥ ክብር የለም። እትዬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሌሎች ሲጠሩለት ከወጥ ቤት ሆና ስታይ የኖረችው ክብር ነው።

ሰኞ መኪና ውስጥ ስትገባ ቀበቶዋን እንኳ ሳታስር «ሪሀና» አለችኝ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት አበሰልኩላቸው፤ ገደ ቢስ ነበርኩ። አሁን ግማሽ አካሉ የማይሠራ ሰው አልጋዬ ላይ ስለተኛ ገደኛ ሆንኩ። እኔ ምኔ ተለወጠ?»

አባቴ ኮምቦልቻ ላይ ሁለተኛ ያገባ ጊዜ እናቴን «ቻይው» ያሏት ሴቶች ናቸው በዓይነ ልቦናዬ የመጡብኝ። ሞተሩን አስነሳሁ።

ሐሙስ ዕለት ለአቻር ሂም ደውላ፣ እሑድ ከጸሎት በኋላ የምናገረው ነገር አለኝና ሰው ይቆይልኝ አለቻቸው። መኪናዋ ጋራዥ ገብታ ስለነበር እኔ ነኝ የወሰድኳት። ልውጣ ወይስ ልቆይ እያልኩ ሳመነታ ሴቶቹ ከነሻርፔ ምንጣፋቸው ላይ ቦታ ለቀቁልኝ፤ የአሳማ ሥጋ የሌለበት ነው ብለው ዓሣ በሩዝ አቀረቡልኝ። ማሊስም መጥታ ነበር። ያን ሁለት ወር የእናቷን ደጃፍ አልረገጠችም፤ አጠገቤ ተቀምጣ የሚባለውን በጆሮዬ ትነግረኝ ጀመር።

በዚያ አዳራሽ መነኮሳቱ ከፍ ያለው መደብ ላይ ይቀመጣሉ። ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላና ከጎን ናቸው። እትዬ ከወጥ ቤት እጇን አድርቃ ወጣችና በወንዶቹ መሐል አልፋ ከፊት ተንበረከከች። እጆቿን አጋጥማ ለመነኮሳቱ ሰገደች፤ ከዚያ ወደ አቻሩ ዞረች።

«አቻር፣ ቪቦልን አስገባሁት። አንድ ቀን ሳይታጠብ አልዋለም፣ ሳይበላ አላደረም። ውሸት ነው የሚል አለ?»

«ማንም አይልም» አሉ አቻሩ።

«ቦንግ ብዬ ሃያ ዓመት ኖርኩ። ጥሎኝ ሲሄድ ጥፋቱን ለእኔ ሰጣችሁኝ፤ ተቀበልኩ። አሁን ተመልሶ ስለመጣ ደግሞ ክብር ሰጣችሁኝ። ክብሩን አልቀበልም። ሶክሊ ትቅር በለኝ፤ አልጋውን አላነጥፍም። በእኔ ዕድል ልጇን እንድትድር አልፈልግም፤ ከዛሬ ጀምሮም የቪቦል ሚስት አይደለሁም።»

ማሊስ መተርጎሟን ሳታቋርጥ እጄን ጨበጠችኝ።

አቻሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ታዲያ ሰውየውን ሜዳ ላይ ልትጥይው ነው?»

«አልጥለውም። ያገሬ ሰው ነው፣ ያረጀ በሽተኛ ነው። እንደማንኛውም ሽማግሌ ‘ታ’ እለዋለሁ፤ እሑድ እሑድ ሾርባ አመጣለታለሁ። ሌላውን ቀን እናንተ እጠቡት። ይህ የሚመጣውን ሕይወት የሚያሳምር ጽድቅ ነው ብለውኛል። ጽድቁ ለእኔ ብቻ ለምን ይሆናል?»

አንዱ ጎልማሳ ከፊት «ወንድ ወንድን አያጥብም፤ ይህ የሴት ሥራ ነው» አለ። እትዬ አልመለሰችለትም። የመለሰችለት ከጥግ የነበረች፣ ፀጉሯን የተላጨች ነጭ ለባሽ አሮጊት ናት። እነሱ ዘንድ ሴት ምንኩስና አይፈቀድላትም። ነጭ ለብሳ ሥርዓቱን ትጠብቃለች፣ የመነኮሳቱን ግቢ ትጠርጋለች እንጂ መደቡ ላይ አትወጣም። አሮጊቷ በቀጭን ድምፅ «እኔም ለመታጠብ ደርሻለሁ» አለች። «የወደቀን የምታጥብ ሚስት ብቻ ከሆነች እኔን ማን ሊያጥበኝ ነው?»

ከሴቶቹ መሐል አንዷ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ሁሉም ሳቁ፤ ወንዶቹም ጭምር። አቻር ሂም ግን አልሳቁም። ወለሉን እያዩ «እናየዋለን» አሉ።

በማግስቱ ቪቦል ወደ አዳራሹ ተመለሰ። እትዬ ልብሱን አጥፋ በሻንጣ አደረገች፤ መድኃኒቱ በስንት ሰዓት እንደሚሰጥ ማሊስ በክመር ፊደል እንድትጽፍ ብትጠይቃት ማሊስ ክመር መጻፍ ስለማትችል ራሷ ጻፈችው። ሲወስዱት «ኦን» ብሎ ጠራት። «ደኅና ዋል፣ ታ» አለችው። ሲያለቅስ እንደነበረ አልደበቀችኝም። እሷ አላለቀሰችም፤ ግን ሻንጣውን መኪናው ድረስ የተሸከመችው እሷ ናት። ሌላ ሰው ይያዝልኝ ማለት አልመጣላትም።

ሰባት ወንዶች ተራ እንገባለን ብለው ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት አራቱ መጡ። በሁለተኛው ሁለቱ። በሦስተኛው አቻር ሂም ብቻቸውን ቀሩ። አንድ ጠዋት ሊያነሱት ሲሉ ወገባቸው ተያዘና ሁለቱም ምንጣፉ ላይ ወደቁ። ነጭ ለባሿ አሮጊት ናት ጮኻ ሰው የጠራችው። በዚያው ቀን አቻሩ ለእትዬ ደወሉ።

«ምን አሉሽ?» አልኳት።

«የሰው ልጅ እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር አሉኝ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። በቂ ነው።»

ከዚያ በኋላ ነገሩን የያዘችው ማሊስ ናት። አባቷን አላየውም ያለችው ልጅ ወረቀቱን ሞላች፣ ስልክ እየደወለች ተከራከረች፣ በከተማው ምሥራቅ በኩል ያለ ነርሲንግ ሆም፣ የአቅመ ደካሞች መጦሪያ ውስጥ ቦታ አገኘችለት። ለምን እንዳደረገችው ስጠይቃት «ለእሱ አይደለም፤ እናቴ ደግማ እንዳታስገባው ነው» አለችኝ። እናትና ልጅ ወዲያው አልታረቁም። ማሊስ እናቷ እሑድ እሑድ ሾርባ ይዛ መሄዷን አትወድም፤ እንደ ሽንፈት ታየዋለች። እትዬ ደግሞ ልጇ እንዲህ በቀላሉ «ኖ» ማለት የምትችልበት አንደበት ከየት እንዳመጣች ይገርማታል። «እኔ አይደለሁም ያስተማርኳት» አለችኝ፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ወይም ሳላውቅ አስተምሬያት ይሆናል» አለች።

የሶክሊ ልጅ ሠርግ በሰኔ ተደረገ። ሶክሊ ተቀይማ ስለነበር እትዬ አልጠራም ብላ ነበር፤ ካርዱ ግን መጣላት። በወጥ ቤት ሳይሆን በእንግድነት ነው የተጠራችው። ምን እንደምትለብስ ጨንቋት ልብሷን ሁሉ አልጋ ላይ ዘርግታ እኔን ኮል አደረገችኝ። ወርቃማ ክር ያለበትን ሐምራዊ ሽርጥ መረጥኩላት። ማሊስ እንደነገረችኝ ምግብ ሲቀርብ ሁለት ጊዜ ላግዝ ብላ ተነሥታ ማሊስ ክንዷን ይዛ አስቀመጠቻት። አንድ ጎረምሳ ሳህን አምጥቶ ከፊቷ ሲያስቀምጥላት እሷም ቀና ብላ አመሰገነችው። ከዚያ የአልጋው ሥርዓት ሲደርስ፣ ሌላ ሴት ተጠርታ ሁሉም ወደዚያ ሲዞር፣ እትዬ ጠረጴዛው ላይ ክንዷን ተንተርሳ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ሙዚቃው ግድግዳ ያንቀጠቅጣል አለች ማሊስ። አልቀሰቀሷትም። ኬኩ እስኪቆረስ ተኛች።

ቪቦል እስካሁን አለ። ንግግሩ ትንሽ ተሻሽሏል። አጠገቡ ያለው አልጋ ላይ የሚተኛው ሰውዬ ሶማሌ ነው፤ በምን ቋንቋ እንደሚግባቡ ባላውቅም ካርታ ይጫወታሉ። ቤተ መቅደሱ ውስጥ ብዙ ነገር አልተለወጠም። ወንዶቹ ከፊት ናቸው፤ ሴቶቹ ያበስላሉ። አቻር ሂም ግን ከምግብ በኋላ ድስት ያጥባሉ ይባላል፤ ወገባቸው በቻለው መጠን። እትዬ የወጥ ቤቱን ቁልፍ ለሶክሊ አስረክባለች። ሥራ ላይም ሱፐርቫይዘሩን በሳምንት አራት ቀን ብቻ አድርግልኝ ብላ ጠይቃ ፈቀደላት። ትከሻዋ አልዳነም።

ባለፈው ወር አንድ እሑድ ከቤቴ ስወጣ መኪናዋ በቦታዋ ቆማ አየሁ። ቀትር ነበር። ያን ሰዓት ነርሲንግ ሆም መሆን ነበረባት። ልቤ ደንግጦ በሯን አንኳኳሁ። ቆይታ ከፈተች። ፀጉሯ ተበታትኗል፤ ጉንጯ ላይ የትራሱ መስመር ይታያል።

«ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» አልኳት።

«አላመመኝም። ተኝቼ ነበር።»

«ሾርባውስ?»

«ዛሬ አልሠራሁም።»

ላግዝሽ፣ ልሂድልሽ፣ የምትበይው ላምጣልሽ ለማለት አፌን ስከፍት እጇን አነሳች። ዓይኖቿ አሁንም ግማሽ ተከድነው ነበር። «ሪሀና፣ ልተኛ» አለችኝና በሩን መለስ አደረገችው።